የኪሪባቲን ኮኮናት የሚገዛው ማን ነው?

አንድ አገር ወደ ውጭ የላከችው ምርት ጨመረ ሲባል ደስ ይላል። በዜና ይነገራል፣ ባለሥልጣኑ መግለጫ ይሰጣል፣ ባለሙያው ወደ ላይ የሚወጣውን መስመር እያሳየ ያብራራል። መስመሩ ወደ ላይ የወጣው ግን ዓለም ምርቱን ስለፈለገው ነው ወይስ መንግሥት ከካዝናው አውጥቶ ስለገዛው? በወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። በሰው ኑሮ ላይ ግን እጅግ ይራራቃሉ። ይህን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ አገር ቢፈለግ ኪሪባቲ ትገኛለች። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኪሪባቲን የአገሬው ሰው «ኪሪባስ» ብሎ ነው የሚጠራት። በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የተበተኑ 33 ደሴቶች ናት። የብሷ ሁሉ ተደምሮ 811 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል። ባሕሯ ግን 3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ኢትዮጵያን ከሦስት ጊዜ በላይ ይውጣል። ሕዝቧ ወደ 120 ሺህ ነው። ከአንዷ በቀር ደሴቶቹ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ የማይሉ፣ በኮራል ድንጋይ ላይ የተዘረጉ ቀጫጭን የአሸዋ ቀለበቶች ናቸው። ወንዝ የላቸውም። ጥቁር አፈር የላቸውም። በዚያ አሸዋ ላይ ሳይሰለች የሚበቅለው ዛፍ ኮኮናት ነው።

ከዚህ ዛፍ ለገበያ የሚወጣው ነገር ኮፕራ ይባላል፤ የደረቀ የኮኮናት ሥጋ ማለት ነው። የበሰለው ፍሬ ከዛፉ ሥር ይለቀማል፣ ቃጫው ይላጣል፣ ፍሬው ለሁለት ይፈለጣል፣ ነጩ ሥጋ ለቀናት ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ ከቅርፊቱ ተፈልቅቆ በጆንያ ይሞላል። ለአንድ ኪሎ ኮፕራ 5 ወይም 6 ፍሬ ያስፈልጋል። ከ100 ኪሎ ኮፕራ 60 ኪሎ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ዘይት ይወጣል፤ የቀረው ፋጉሎ ሆኖ ለከብት መኖ ይውላል። ዘይቱ ሳሙና፣ የመዋቢያ ቅባትና ማርጋሪን ይሆናል።

አሁን ወደ ዋጋው። እስከ 2015 ድረስ አንድ የኪሪባቲ ቤተሰብ ለአንድ ኪሎ ኮፕራ የሚቀበለው ወደ 1 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር (አገሪቱ የራሷ ገንዘብ የላትም)። በ2016 ምርጫ ታኔቲ ማማው ወደ ፕሬዚዳንትነት ሲመጡ ዋጋው 2 ዶላር ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ 4 ዶላር ገባ። በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አራት እጥፍ ማለት ነው። 50 ኪሎ የሚይዝ አንድ ጆንያ 200 ዶላር ያስገኛል። ሌላ ገቢ በሌለበት ደሴት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ሩዙ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ የልጆቹ ደብተር፣ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው መዋጮ ሁሉ የሚመጣው ከዚሁ ጆንያ ነው።

በዓለም ገበያ ግን የሆነው ሌላ ነው። ቀላል ስሌት እንሥራ ለሚል ሰው ነገሩ ከባድ አይደለም። አንድ ቶን ኮፕራ በኪሎ 4 ዶላር ሲገዛ 4,000 የአውስትራሊያ ዶላር ይወጣበታል። ከዚያ ቶን 600 ኪሎ ያህል ዘይት ይጨመቃል። በ2023 የኮኮናት ዘይት በዓለም ገበያ ቶኑ ወደ 1,100 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ስለዚህ 600 ኪሎው ሲሸጥ በአውስትራሊያ ገንዘብ 1,000 ዶላር ገደማ ያመጣል። 4,000 ወጥቶ 1,000 ገባ። ይህ የመርከቡን ኪራይ፣ የመጭመቂያውን ነዳጅና የሠራተኛውን ደመወዝ ሳይጨምር ነው። በ2025 የዘይቱ ዋጋ በታሪኩ ታይቶ ወደማይታወቅ ደረጃ ወጥቶ ቶኑ ከ2,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ ሲሸጥ እንኳ ስሌቱ አልሞላም።

እንግዲህ በኪሪባቲ ኮፕራ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ሸቀጥ ነው ከማለት ይልቅ መንግሥት በራቁ ደሴቶች ለሚኖረው ሕዝቡ ደመወዝ የሚከፍልበት ሚዛን ነው ማለት ለእውነቱ ይቀርባል። ዘይቱና ፋጉሎው ወደ ውጭ ይሄዳሉ፤ የሠራተኛው ክፍያ ግን ከውጭ ገዢ አይመጣም። የወጪ ንግዱ አኃዝ ሲወጣ ገበያው ሞቀ ማለት አይደለም፤ ካዝናው ተከፈተ ማለት ነው። ሲወርድም ዓለም ኮኮናት ጠላ ማለት አይደለም፤ ዝናብ ጠፋ ወይም መርከብ ዘገየ ማለት ነው።

እዚህ የተደረሰበት መንገድ ረጅም ነው። በ1840ዎቹ ነጮቹ ነጋዴዎች በቡታሪታሪ ደሴት መስፈር ሲጀምሩ የሚገዙት ኮፕራ አልነበረም። የደሴቱ ሰው ራሱ ያወጣውን ዘይት ነበር በበርሜል የሚጭኑት። ከአንድ ትውልድ በኋላ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ጥሬውን አድርቀው መውሰድ፣ ዘይቱን ራሳቸው መጭመቅና ፋጉሎውን ለከብቶቻቸው ማብላት እንደሚያዋጣቸው ገባቸው። የደሴቱ ሰው ዘይት ሻጭነቱ ቀረና ጥሬ ዕቃ ሻጭ ሆነ። በአገሪቱ ትልቅ ዘይት መጭመቂያ እስኪቆም ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ዛሬ በቤቲዮ የሚገኘው የመንግሥት መጭመቂያ ሥራ የጀመረው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው።

በመካከሉ ሌላ ሀብት ነበር፤ ፎስፌት። ከ1900 ጀምሮ የባናባን ደሴት ሆድ ቀዶ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ እርሻዎች ማዳበሪያ ያደረገው ማዕድን በ1979 አለቀ። አገሪቱ ነፃ የወጣችውም በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 12 ቀን ነው። ማሳው ካለቀ በኋላ ጎተራውን እንደ መረከብ ያለ ነፃነት። ደግነቱ በ1956 የተቋቋመ የመጠባበቂያ ፈንድ ነበር፤ እሱ እስከ ዛሬ አለ፤ አድጓልም። ዕለታዊው ኑሮ ግን ወደ ዓሣና ወደ ኮኮናት ተመለሰ።

ኮኮናት ደግሞ የሚወዳደረው ከማይቻል ጋር ነው። አንድ ሄክታር የፓልም ዛፍ በደህና እርሻ 4 ቶን ያህል ዘይት በዓመት ይሰጣል፤ ኮኮናት አንድ ቶን ለመሙላት ይቸገራል። ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ዓለምን በፓልም ዘይት ሞሉት። ዛሬ በዓለም ከሚመረተው የእህልና የፍሬ ዘይት ሁሉ የኮኮናቱ ድርሻ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም፤ ከዚያችም ውስጥ ዋናዎቹ ፊሊፒንስና ኢንዶኔዥያ ናቸው። ኪሪባቲ ሙሉ ምርቷን ገበያ ላይ ብታፈሰው ወይም አንዲት ፍሬ ሳትልክ ብትቀር የዓለሙ ዋጋ በሳንቲም አይነቃነቅም።

ለዚህ ነው ዋጋን መደጎም የቆየ ልማድ የሆነው። በ1975 በሎሜ በተፈረመው ስምምነት መሠረት የአውሮፓ ማኅበረሰብ የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓስፊክ አገሮች የወጪ ንግድ ገቢ ሲወድቅ ማካካሻ ይከፍል ነበር፤ ኪሪባቲም ለኮፕራዋ ከተጠቀሙት አንዷ ናት። ያ ሥርዓት ከ2000 በኋላ ቀረ። ዛሬ ክፍያው ከቱና ዓሣ ነው የሚመጣው። የውጭ አጥማጅ መርከቦች በኪሪባቲ ባሕር ለሚያጠምዱበት ቀን የሚከፍሉት ገንዘብ ከመንግሥት ገቢ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። በአጭሩ ቱናው ይሸጣል፣ ኮኮናቱ ይከፈለዋል።

ይህን ሲሰሙ ወዲያው «ታዲያ ለምን አይቆረጥም?» የሚሉ አሉ። የውጭ የገንዘብ ተቋማት ባለሙያዎች ደጋግመው ድጎማው ይስተካከል ይላሉ፤ ቁጥራቸው ትክክል ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የማያሳየው አንድ ቦታ አለ፤ ደቡብ ታራዋ። ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚኖረው በዚያች ቀጭን መሬት ላይ ተጨናንቆ ነው። የጉድጓዱ ውኃ በሰው ብዛት ተበክሏል፣ ሥራ የለም፣ ቤቶች እየተገፉ እስከ ባሕሩ ዳር ደርሰዋል። ከሩቅ ደሴት የሚነሳ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ኮፕራው ሰውን በየደሴቱ የሚያቆየው ገመድ ነው። ገመዱን በአንድ ቀን የሚቆርጥ ሰው በማግስቱ በታራዋ ለውኃ፣ ለመጸዳጃና ለሆስፒታል የሚያወጣው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ለሩቅ ደሴት ሰው ገንዘብ መስጠቱ ስሕተት አይደለም። አገር ሀብቷን ለዜጎቿ ማካፈሏ ነውር የለውም።

ስሕተቱ በኪሎ መሰጠቱ ነው።

ደመወዙ በሚዛን ሲለካ ማን ብዙ ያገኛል? ጉልበት ያለውና ብዙ ዛፍ ያለው። መሬቱ ከአያት ከቅድመ አያት በዘር ሐረግ እየተከፋፈለ የመጣ ነው፤ የአንዱ ድርሻ ሰፊ፣ የሌላው አንድ መስመር ዛፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወገቧ የጎበጠ አሮጊት፣ ልጅ የታቀፈች ብቸኛ እናት፣ በሽተኛ ሰው ሦስት መቶ ፍሬ ልጦ ፈልጦ አንድ ጆንያ መሙላት አይችሉም። ለድሃው ተብሎ የተመደበው ገንዘብ ለጉልበተኛው ድሃ ይበዛል፤ ለደካማው ድሃ ይቀንሳል።

ከዚያ ዝናቡ አለ። በሰሜን ያለችው ቡታሪታሪ በዓመት 3,000 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ የደቡብ ደሴቶች ከዚያ ግማሽ እንኳ አይደርሳቸውም። ዋጋው ለሁሉም እኩል ነው፤ ፍሬው ግን እኩል አይደለም። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የባሰ ይሆናል። በሰኔ 2022 አገሪቱ በድርቅ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አውጃለች። የኮኮናት አበባ የበሰለ ፍሬ እስኪሆን አንድ ዓመት ገደማ ስለሚወስድ ድርቁ ካለፈም በኋላ ዛፉ ለወራት ባዶ እጁን ይቆማል። በኪሎ የሚከፈል ደመወዝ በዚህ ጊዜ ምን ይሆናል? ይቀንሳል። ውኃው ሲጠፋ ገንዘቡም አብሮ ይጠፋል። ሰው እርዳታ በሚፈልግበት ሰዓት የሚሸሽ እርዳታ እንዴት እርዳታ ይባላል?

ነገሩ በዚህም አያበቃም። በኪሪባቲ ድርቅ የሚያመጣው ላኒና የሚባለው የአየር ጠባይ ነው። ያው ላኒና የቱናውን መንጋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሌሎች አገሮች ባሕር ይገፋዋል። ኤልኒኖ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዝናብም ይመጣል፣ ቱናም ወደ ኪሪባቲ ይጠጋል። ስለዚህ ዛፉ በሚደርቅበት ወቅት ድጎማውን የሚከፍለው ካዝናም መሳሳት ይጀምራል። ሁለቱ ገቢዎች በአንድ ሰማይ ሥር አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛው ጉዳት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ነው። መንግሥት በየዕቅዱ «እሴት እንጨምር፣ ጥሬውን አንላክ» ይላል። ትክክል ነው። ግን አንዲት የሩቅ ደሴት ሴት ንጹሕ የኮኮናት ዘይት በቤቷ አውጥታ በጠርሙስ ልትሸጥ አሰበች እንበል። ዘይቷን ለማውጣት የምትጠቀምበት ኮኮናት ኮፕራ ቢሆን ኖሮ በኪሎ 4 ዶላር ያለ ጥያቄ ይገዛላት ነበር። ጥራት አይጠየቅም፣ ገበያ አይፈለግም፣ ጠርሙስ አይገዛም። ታዲያ ለምን ዘይት ታወጣለች? ጥሬው ከተሠራው በላይ በሚከፈልበት አገር የሚሠራ ሰው ሞኝ ነው። በአንድ እጅ ፋብሪካ ይታቀዳል፣ በሌላው እጅ ፋብሪካውን የሚያከስር ዋጋ ይቆረጣል። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ይህ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ ታሪክ አይደለም። የሑመራ ሰሊጥ ጥሬውን ወደ ቻይናና ወደ እስራኤል ይጫናል፤ የአገር ቤቱ ምጣድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ከእስያ የመጣ የፓልም ዘይት ነው። ልዩነቱ ግን መታየት አለበት። ሰሊጡን ጥሬውን የሚፈልገው የውጭ ገዢ ነው፤ ጥሩ ዋጋም ይከፍላል። የኪሪባቲን ጥሬ ኮፕራ በዚያ ዋጋ የሚፈልገው ከገዛ መንግሥቷ በቀር ማንም የለም። አንዱ የገበያ እስረኛ ነው፤ ሌላው የራሱ ዋጋ እስረኛ።

ዛፉም ራሱ ይጎዳል። ኮኮናት ለደሴቱ ሰው ኮፕራ ብቻ አይደለም። ለጋው ፍሬ ውኃው ይጠጣል፣ ሥጋው ለሰውና ለዓሣማ ምግብ ነው። ከአበባው ጉቶ የሚቀዳው «ካሬዌ» የሚባል ጣፋጭ ፈሳሽ አረንጓዴ አትክልት በማይበቅልበት አሸዋ ላይ ልጆች ቫይታሚን ሲ የሚያገኙበት ነው፤ ሲፈላ ደግሞ «ካማይማይ» የተባለ እንደ ማር የወፈረ ሽሮፕ ይሆናል። ካሬዌ የሚቀዳበት ጉቶ ግን ፍሬ አያፈራም። ሚዛኑ የሚያውቀው ደረቅ ሥጋን ብቻ ሲሆን ምግቡ ሁሉ ወደ ጆንያው ይሳባል፤ በጆንያው ገንዘብ ደግሞ ነጭ ሩዝና ስኳር ይገዛል። የስኳር በሽታ በፓስፊክ ደሴቶች ምን ያህል እንደተስፋፋ ዓለም ያውቀዋል።

መትከሉም አለ። አዲስ የተተከለ ረጅም ኮኮናት ለማፍራት ከ6 እስከ 8 ዓመት ይፈልጋል፤ ከ60 ዓመት በላይ ሲሆነው ፍሬው ይመነምናል። የኪሪባቲ ምርጫ ደግሞ በየ4 ዓመቱ ነው። ዋጋ መጨመር በማግስቱ ይታያል። ችግኝ የተከለ ፖለቲከኛ ግን ፍሬውን የሚያየው ተቀናቃኙ ወንበሩ ላይ ሆኖ ነው። ለለቃሚ እየተከፈለ ለተካይ ካልተከፈለ ሰው ይለቅማል እንጂ አይተክልም።

ዋጋ ሰውን ወደታሰበው ቦታ ብቻ እንደማይወስድም ቀድሞ ታይቷል። ከዓመታት በፊት መንግሥት የኮፕራን ዋጋ ከፍ ያደረገበት አንዱ ምክንያት ሰዉ ዓሣ ማጥመዱን ቀንሶ ወደ ኮኮናቱ እንዲዞርና የኮራል ዳርቻው እንዲያገግም ነበር። ተመራማሪዎች ሄደው ያዩት ተቃራኒውን ነው፤ ማጥመዱ ጨመረ። ለምን ቢባል ከኮፕራው ገቢ ያገኘ ሰው ትርፍ ሰዓቱን የሚያሳልፈው በሚወደው ነገር ነው፤ የኪሪባቲ ሰው የሚወደው ደግሞ ማጥመድን ነው። በቢሮ ውስጥ የተሰላ ዋጋ የሰውን ፍቅር አልቆጠረም ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? ገንዘቡ አይቀነስ፤ መለኪያው ይቀየር።

የሩቅ ደሴት ነዋሪ ስለሆነ የሚገባውን ድርሻ ሰው በስሙ ይቀበል፤ ወንዱም ሴቱም፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም፣ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም። ይህ ለኪሪባቲ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ለአረጋውያን በየወሩ ትከፍላለች፤ ሥራ ለሌላቸው አዋቂዎችም ወርኃዊ ክፍያ ጀምራለች። ለእያንዳንዱ ዜጋ ገንዘብ ማድረስ እንደሚቻል አገሪቱ ራሷ አሳይታለች። ኮፕራው ደግሞ ወደ እውነተኛ ዋጋው በጥቂት በጥቂቱ ይውረድ፤ በአንድ ሌሊት ሳይሆን የስሙ ክፍያ እያደገ ሲሄድ እኩል እያነሰ። በደንብ ለደረቀ፣ ሻጋታ ለሌለው ኮፕራ ጭማሪ ይከፈል። ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ ከዘይቱ ይልቅ ፋጉሎውን ያበላሸዋልና የከብት መኖ ገዢዎች በዚህ ነገር አይቀልዱም። በቤቷ ዘይት ለምታወጣውና ካማይማይ ለሚያፈላው ሰው ቢያንስ ለኮፕራ ለቃሚው የሚሰጠው ማበረታቻ ይሰጣቸው። ለተከለም ችግኙ ሁለትና ሦስት ዓመት ቆሞ ሲገኝ ይከፈለው።

ይህ ሐሳብ ተቃውሞ እንደሚገጥመው ግልጽ ነው። «ሠርቶ መብላት ይሻላል፤ በነፃ ገንዘብ መስጠት ሰውን ያሰንፋል» ይባላል። ክብር ያለው መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። ላቡን አፍስሶ ጆንያውን ወደ መጋዘን ተሸክሞ የሄደ ሰው ሲከፈለው የሚሰማው ኩራት በባንክ ደብተር ከሚገባ ገንዘብ ይለያል። ግን አሁንም ቢሆን ከሚከፈለው 4 ዶላር አብዛኛው የዓሣው ገንዘብ ነው፤ የላቡ ዋጋ ከፊሏ ብቻ ናት። የሕዝብ ሀብት የሆነውን ድርሻ ለሁሉም ሰጥቶ የላቡን ዋጋ በላብነቱ መክፈል ሠራተኛውን አያዋርደውም። ይልቅስ ሥራው በእውነት ስንት እንደሚያወጣ እንዲያውቅ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ዘይት ማውጣት ይሻል እንደሆነ፣ መትከል ይሻል እንደሆነ፣ ካሬዌ መቅዳት ይሻል እንደሆነ ራሱ ይመርጣል።

ሌላው ተቃውሞ አይነገርም እንጂ ከሁሉ ይበረታል። በኪሎ የሚከፈል ዋጋ ለምርጫ ይመቻል። አጭር ነው፣ አይረሳም፣ በአንድ ቁጥር ይነገራል። አንዱ 2 ሲል ሌላው 4 ይላል። «መለኪያውን እንቀይር» የሚል ተወዳዳሪ ግን ረጅም ማብራሪያ ይዞ ከጀልባ ወርዶ በየደሴቱ የመሰብሰቢያ አዳራሽ፣ በየ«ማኔአባው»፣ ሽማግሌዎች ፊት መቀመጥ ይኖርበታል። ያን ድፍረት ያለው ገና አልታየም ይሆናል።

በሚቀጥለው ምርጫ ግን ከነዚያ ማኔአባዎች በአንዱ፣ በተለይ ዝናብ በሚያንሳቸው በደቡቦቹ፣ አንድ ተወዳዳሪ ተነሥቶ «እኔ 5 አደርገዋለሁ» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ከምንጣፉ ላይ አንዲት እናት ተነሥታ አንድ ነገር ብትጠይቀው በቂ ነው፤ «ባለፈው ድርቅ ዛፌ ባዶውን ሲቆም 4ቱ ምን አደረገልኝ?»